መጸው ሲገባ በመንገድ ላይ ያየሁት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የማቀርብላችሁ ከመጻሕፍት የለቀምሁትን ነው። ዛሬ ግን የምነግራችሁ በየዕለቱ በብስክሌት ስመላለስ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ከዚያም ውስጥ ስለ ራሴ የማልመካበት ነገር ስላለ፥ እርሱንም ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ።

መኖሪያዬ ኩየራ ነው። ኩየራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባቱና በአርሲ ነገሌ በኩል ወደ ደቡብ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ሻሸመኔ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር የምትገኝ ከተማ ናት። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በሻሸመኔ መግቢያ ስለሆነ፥ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ከቤቴ ወጥቼ ማታ በ11 ሰዓት ገደማ እመለሳለሁ። የታክሲው ወረፋ ካስመረረኝ ወዲህ መጓጓዣዬ አንዲት ያረጀች ብስክሌት ሆናለች። ፓራፋንጎዋ የተጣመመ ነው፤ ደወልዋም አንዳንድ ቀን ይሰማል፥ አንዳንድ ቀን ይለግማል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ ሰዓት አላሳለፈችብኝም፤ ካንድ ቀን በቀር። የዛሬው ጽሑፌም ስለዚያ ቀን ነው።

በመኪና የሚሄድ ሰው መነሻውንና መድረሻውን ያውቃል፤ መካከሉን ግን አያውቅም። በእግሩ የሚሄድ መካከሉን ሁሉ ያያል፤ ነገር ግን ቀኑ ይመሽበታል። ብስክሌት ግን በሁለቱ መካከል ያለች ናት። የታረሰውን አፈርና የሚጠበሰውን በቆሎ ሽታ ታሸትታላችሁ፤ ከመንገድ ዳር የቆመ ሰው «እንደምን አደሩ» ቢላችሁ መልስ ለመስጠት ጊዜ ታገኛላችሁ። መልሱን ሰጥታችሁ ስትጨርሱ ግን ሰውየውን አልፋችሁታል። ይህችን ነገር ልብ አድርጉልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

አስቀድሞ ስለ ወራቱ ስም ጥቂት እንበል። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ክረምት፥ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ደግሞ ጸደይ ይባላል። ዛሬ ዛሬ ግን መስከረም በጠባ ቁጥር «የጸደይ ወራት ገባ» ሲባል እንሰማለን። ስሕተቱ የመጣው በሰሜኑ ዓለም አበባ የሚፈነዳበትን ወራት ጸደይ ብለን ስለ ተረጎምን፥ የእኛንም የአበባ ወራት በዚያው ስም ስለ ጠራነው ይመስለኛል።

እኔም ራሴ በዚህ ነገር በተማሪ ተይዣለሁ። በመስከረም መጨረሻ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ የወራትን ስም ሳስተምር፥ «ይህ መጸው ማለት ነው፤ ቅጠል የሚረግፍበት ወራት ነው» ብዬ ተረጎምሁ። አንዲት ተማሪ እጅዋን አወጣችና፥ «መምህር፥ የሚረግፈው የትኛው ቅጠል ነው?» ብላ በመስኮት ወደ ውጭ አመለከተች። ውጭው ሁሉ አረንጓዴ ነበረ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ።

የነገሩ ምክንያት ይህ ነው። በአውሮፓ ወራትን የሚለውጠው ዋናው ነገር የብርሃን ማነስና መብዛት ነው። በመጸው ቀኑ ያጥራል፥ ብርዱ ይበረታል፥ ዛፉም ቅጠሉን ያራግፋል። እኛ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምንኖር፥ ከዓመቱ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ብቻ ነው። የእኛን ወራት የሚለየው ዝናም ነው። ስለዚህ መጸው በዚያ አገር የመራቆት ወራት ሲሆን፥ በእኛ አገር መጀመሪያው አበባ፥ መካከሉ እሸት፥ መጨረሻው መከር ነው። ቤተ ክርስቲያንም ይህን ተመልክታ፥ በክረምቱ ማብቂያ ያለውን መስከረምን በዘመነ ዮሐንስ፥ በዘመነ ፍሬና በዘመነ መስቀል ከፋፍላ፥ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን 40 ቀን ዘመነ ጽጌ ብላዋለች። በነዚህ ቀኖች እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደድዋ ይታሰባል፤ በኅዳር 6 ቀንም የቁስቋም በዓል ይከበራል።

እንግዲህ ወደ መንገዴ ልመለስ። የመጸውን መምጣት ለብስክሌተኛ አስቀድሞ የሚነግረው ነፋሱ ነው። ክረምቱን ሁሉ ወደ ሻሸመኔ ስወርድ ነፋስ ከፊቴ እየመጣ ፔዳሉን ያከብድብኝ ነበር። ዝናም የሚያመጣው የክረምት ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነሣ ነውና። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትመለስ ግን ደረቁ ነፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ይነሣል። አንድ ጠዋት ብስክሌቲቱ ያለ ልማድዋ ቀለለችኝ፤ ከኋላዬ የሚገፋኝ ያለ መሰለኝ። ማታ ስመለስ ግን የጠዋቱን ዕዳ አስከፈለኝ።

ከነፋሱ ቀጥሎ የሚታየው ምድሩ ነው። በክረምት እንደ ኩሬ የነበረው የመንገድ ዳር ውኃ ጠርዙ ይደርቅና እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ይሆናል። የአደይ አበባ በየድንበሩ ቢጫ ሆኖ ይቆማል። የሻሸመኔ ድንች በጆንያ ተሞልቶ ከመንገድ ዳር ይደረደራል፤ ጋሪዎች እያዘገሙ ይጭኑታል፥ ባጃጆችም ጡሩንባቸውን እየነፉ ይቀድሟቸዋል። እናቶች ከሰል አቀጣጥለው የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ ሆኖም ጠዋት ፀሐይ በግራ ትከሻዬ በኩል ስትወጣ ጫፉ ወርቅ መምሰል ጀምሯል። በሩቁ የአባሮ ተራራ፥ በክረምት ደመና ለብሶ የከረመው፥ ታጥቦ እንደ ተሰጣ ልብስ ጥርት ብሎ ይታያል።

ወፎችም አሉ። የመስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ከሩቅ አገር የምትመጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በዚህ ስም ከምንጠራቸው ወፎች አንዱ፥ ያ ቀይና ጥቁር ላባ ያለው፥ ዓመቱን ሙሉ ከእኛው ጋር የሚኖር ነው። ወንዱ በመራቢያው ወራት ብቻ ቀዩን ልብስ ይለብሳል፤ በቀረው ጊዜ እንደ ሴቲቱ ቡናማ ሆኖ ከሌሎች ትንንሽ ወፎች መካከል ስለሚውል አናውቀውም። እንግዲህ የምንለው «ወፉ መጣ» ነው፤ እውነቱ ግን ወፉ ሁልጊዜ ነበረ፥ ያላየነው እኛ ነን።

በእውነት ከሩቅ የሚመጣው ሽመላ ነው። ነጩ ሽመላ በአውሮፓ ጎጆውን ሠርቶ ይወልዳል፤ የዚያ አገር በጋ ሲያልቅ ሰፊ ባሕርን መሻገር ስለማይችል በየብስ ላይ ይጓዛል። በምሥራቅ በኩል የሚመጣው ወገን በቱርክ አልፎ፥ የእስራኤልን ምድርና የሲናን በረሃ አቋርጦ፥ በግብፅ በኩል ዓባይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከነርሱም አንዳንዶቹ ወደ እኛ ስምጥ ሸለቆ ይደርሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ ሽመላ የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ጊዜ እንደምታውቅ ተናግሮ፥ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ፍርድ አለማወቁን የወቀሰው ስለዚህ ነው። እኔም እነዚያን ወፎች በእርሻው ላይ ሲዞሩ ባየሁ ጊዜ፥ በስደቱ መንገድ፥ በሲናና በግብፅ በላይ አልፈው በዘመነ ጽጌ ከእኛ ዘንድ መድረሳቸውን እያሰብሁ ልቤ ደስ ይለው ነበር።

ደስ ይለው ነበር ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይኔን ወደ ሰማይ አንሥቼ የጥንቱን ስደተኛ ሕፃን ሳስብ፥ በመንገዴ ዳር በማማ ላይ የቆመውን ልጅ በየቀኑ እያየሁ አልፈው ነበርና።

ከመንገዴ እኩሌታ ላይ፥ በስተ ግራ በኩል ሦስት የበቆሎ እርሻዎች ጎን ለጎን አሉ። በያንዳንዱም ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ማማ ቆሟል። በመጀመሪያው ማማ ላይ ወንጭፍ የያዘ የ13 ዓመት ያህል ልጅ ወፍና ጦጣ ይጠብቃል። ብስክሌቴን ከሩቅ ባየ ጊዜ፥ «አካም ቡልታን በርሲሳ!» ይለኛል፤ እንዴት አደሩ መምህር ማለቱ ነው። እኔም፥ «ነጋ!» ብዬ እጄን አንሥቼ አልፋለሁ።

ልጁ ተማሪዬ ነው። በመስከረም የመጀመሪያውን ሳምንት በሰባተኛ ክፍል ተምሮ ቀረ። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ በ2 ሰዓት ስም ስጠራ፥ ወደ ስሙ ስደርስ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔም የቀሪ ምልክት አደርጋለሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት ሰላምታ ሰጥቶኝ ሳለ! ይህን ያደረግሁት ለአንድ ቀን አይደለም፤ ሦስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ነው። በየቀኑም፥ «ዛሬ ሰዓት ደርሶብኛል፤ ነገ ቆሜ አነጋግረዋለሁ» እል ነበር። ማታ ስመለስ ደግሞ፥ «ደክሞኛል፤ ነገ ጠዋት» እላለሁ።

አሁን ስለ ብስክሌት ጎማ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁለቱ መንኰራኵሮቿ እኩል የሆኑና በሰንሰለት የምትነዳዋ ብስክሌት በእንግሊዝ አገር በጆን ኬምፕ ስታርሊ እጅ በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትሠራ ጎማዋ ድፍን ነበር። በነፋስ የሚሞላውን ጎማ ከሦስት ዓመት በኋላ ለብስክሌት ያበጀው በቤልፋስት ከተማ የሚኖር የከብት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። ይህንም ያሰበው ትንሹ ልጁ በሦስት እግር ብስክሌት በሻካራው መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ ስላሳዘነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም ሁሉ በዚህ ጎማ ሄደ። የእኛውም ገረመው ደንቦባ፥ ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን የተወዳደረው በዚሁ በነፋስ በተሞላ ጎማ ነው። እንግዲህ ይህ ሁሉ የተጀመረው አንድ አባት የልጁን ነገር አይቶ አላልፍ ስላለ ነው።

በነፋስ የተሞላ ነገር ግን ይተነፍሳል። ዘመነ መጸው በገባ በአራተኛው ቀን፥ ልክ በዚያ ማማ ትይዩ፥ የግራር እሾህ የኋላውን ጎማ ወጋው። ያቆመኝ ርኅራኄዬ አይደለም፤ እሾህ ነው።

ልጁ ከማማው ዘሎ ወርዶ እየሮጠ መጣ። ካላማዳሪያውን አወጣንና ቀዳዳውን ለመፈለግ ከክረምቱ በቀረች በአንዲት የመንገድ ዳር ኩሬ ውስጥ ነከርነው። አረፋው ከወጣበት ላይ ልጁ ጣቱን አደረገ፤ እኔ በማስቲሽ ለጠፍሁት። ማስቲሹ እስኪደርቅ ድረስ ማማውን እንዳይ ጋበዘኝ። በላይም በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር አገኘሁ። ብገልጠው በየገጹ አናት ላይ ቀኑና የትምህርቱ ስም በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው፥ የክፍሉን የሰዓት ድልድል በቃሉ ስለያዘ፥ በየቀኑ የሚያመልጠውን ትምህርት ርእስ እየጻፈ ቦታ እንደሚተው፥ ከመከር በኋላም ከጓደኞቹ እየገለበጠ ሊሞላው እንደሚያስብ ነገረኝ። እኔ በመዝገቤ ላይ ቀሪ ስለው፥ እርሱ በደብተሩ ላይ ራሱን ከተገኙት ቈጥሮ ነበር።

በዚህ መካከል እናቱ ቁርሱን ይዛ መጣች። የተነጋገርነው በአፋን ኦሮሞ ነው። የልጁ አባት በሕይወት የለም፤ ታላቅ ወንድሙም ለቀን ሥራ ወደ ሐዋሳ ሄዷል። ስለ ትምህርት ጥቅም የተዘጋጀ ንግግር ነበረኝ፤ እርስዋ ግን ቀደመችኝ።

«መምህር፥ ልጄ ቢማር እኔ አልጠላም። ጦጣው ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይመጣል። አምና ማማው አንድ ሳምንት ባዶ ቢሆን ከእርሻችን ሲሶው ጠፋ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ በሚያዝያ የምንበላው የለንም። ትምህርቱ ለከርሞ ይቆየዋል፤ በቆሎው ግን አይቆየንም።»

ለዚህ ቃል ምን መልስ ነበረኝ? ንግግሬን ዋጥሁት። ስሕተትዋ ወዴት እንደሆነ ለማግኘትም ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ስለዚህ ዝም ብዬ ስመለከት ሳለሁ፥ ሦስት እርሻዎች ጎን ለጎን መሆናቸውንና በሦስቱም ማማ ላይ አንዳንድ ልጅ መቆሙን አየሁ። ይህን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከብስክሌት ላይ አይቼዋለሁ፤ የተረዳሁት ግን በእግሬ ስቆም ነው። እንዲህም አልኋት፤ «እኅቴ፥ ከመካከለኛው ማማ ላይ ሆኖ አንድ ልጅ ሦስቱን ሊጠብቅ አይችልምን?»

እርስዋም ጥቂት አሰበችና፥ «ለእርሻና ለአጨዳ ዳዶ እንገባለን፤ ለጥበቃ ግን ማንም አስቦት አያውቅም» አለች። ዳዶ ማለት ጎረቤት ለጎረቤት በተራ የሚሠራበት የአገሩ ልማድ ነው።

በዚያ ቀን ትምህርት ቤት የደረሰሁት ዘግይቼ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያው ተመልሼ፥ ከአንድ የሰፈር ሽማግሌ ጋር ሦስቱን ቤተ ሰቦች አነጋገርን። ሁለቱ ቤቶች ወዲያው ተስማሙ፤ ሁለቱ ወንዶች ልጆች አንድ ቀን አንዱ አንድ ቀን ሌላው እየጠበቁ በየተራቸው ይማራሉ። በሦስተኛው ማማ ላይ ያለችው ልጅ ግን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች ናት፤ አጎትዋም፥ «ለእርስዋ ገና ነው» አለ። ተራውን በሦስት ብናደርገው ለሁሉም በቀለለ ነበር፤ እርሱ ግን እሺ አላለም። ስለዚህ እርስዋ ዛሬም በየቀኑ እዚያው ናት። ይህን የምጽፈው ነገሩ በሙሉ እንደ ተቃና እንዳይመስላችሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተረኛ ጠባቂ የሆነው ልጅ ብስክሌቴን ሲያይ ወደ መንገዱ ዳር ይወርዳል። የትናንቱን ትምህርት በወረቀት ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ የሠራውን መልመጃ እቀበለዋለሁ። የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጣሁት ያልሁት ጊዜ ይህ ሁለት ደቂቃ ነበረ።

ወላጆች ሆይ፥ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች ስለ ተደበደበው ሰው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችንም እናውቃለን። ዲቁና ከተማርሁበት ጊዜ ጀምሮ አይተው ስላለፉት ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው ስናገር፥ ልባቸው እንደ ድንጋይ የጸና ሰዎች አድርጌ እናገር ነበር። አሁን ግን ምናልባት እንደ እኔው ሰዓት ደርሶባቸው ይሆን እላለሁ። ምናልባት እነርሱም ሰላምታ ሰጥተው፥ «ስመለስ» ብለው ይሆናል። ክፉ ሰው ሳይሆኑ ማለፍ ይቻላልና፤ የሚያስፈራውም ይህ ነው።

እንግዲህ በዚህ በመጸው ወራት፥ በየቤታችሁ ሳላችሁ፥ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ምናልባት ከብት የሚጠብቅላችሁ የዘመድ ልጅ፥ ምናልባት ከሩቅ አገር መጥታ በቤታችሁ የምትሠራ ልጅ፥ ምናልባትም ከገዛ ልጆቻችሁ አንዱ፥ በየጠዋቱ ሰላም እያላችሁ የምታልፉት ይኖር ይሆናል። እንደ መስቀል ወፍ ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ ጋር ነበረ፤ ቀይ ልብስ ስላልለበሰ ግን አላወቃችሁትም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ምናልባት ትልቅ ሀብት ሳይሆን፥ የአንድ ጎረቤት ተራና የሁለት ደቂቃ መቆም ሊሆን ይችላል። እሾህ እስኪወጋችሁ አትጠብቁ።

ይህን ስጽፍ ጥቅምት ተጋምሷል። የአደይ አበባ መጠውለግ ጀምሯል፤ በቆሎውም እየደረቀ ነው። ዛሬ ጠዋት በመካከለኛው ማማ ላይ የነበረው ሁለተኛው ልጅ ነው፤ ያኛው ከክፍል ውስጥ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ስም ስጠራ «አለሁ» አለ። ከሦስተኛው ማማ ላይ ግን ልጅቷ እጅዋን አወዛወዘችልኝ። ብስክሌቴን አቁሜ ወረድሁና ስምዋን ጠየቅኋት። ነገም እቆማለሁ፤ አጎትዋንም ዳግመኛ አነጋግራለሁ።

ወራቱን የፍሬ ያድርግልን።